እንግዳ

ደሴ መናኸሪያ፣ ከበሩ በስተግራ፣
አንዲት መስኮት አለች፣ ጉም የማይለያት ስፍራ፤
ለአፍ ብቻ የተበሳች ጠባብ ቀዳዳ ያላት፣
መስታወቷ ነቅቶ በፕላስተር ያሰሯት።
ከኋላዋ ጋሽ ፈንታው፣ ካፖርቱን ደርቦ፣
ከደረቱ በላይ ብቻ፣ በጣውላ ተከቦ።

አንድ ሰኞ ደብዳቤ መጣ፣ ማኅተሙ ሳይደርቅ ገና፤
«ማንም ሰው ሳይመዘገብ አይስተናገድ» ይልና
ከሥሩ መዝገብ አለ፣ በቀይ መስመር የተከፈለ፤
ስም፣ የአባት ስም፣ አያት፣ ቀበሌ፣ ስልክ እያለ
ስድስተኛው ላይ ደርሶ «ጉዳይ» ብሎ አበቃ።
ጋሽ ፈንታው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገና
እንደገና አየው።
«ጉዳዩን ምነው ከጭራ አደረጉት?» አለ።
«ሰው እዚህ ድረስ ጉዳዩን ነው ተሸክሞ የሚመጣው፤
ስሙንማ ከቤቱም ትቶት ይወጣል፣ ማን ሊሰርቀው?»

ከዚያ ወዲያ እጁን ከእስክርቢቶው አርቆ፣
«አብሽር፣ ምን ነበር?» ነው፣ ጆሮውን ከቀዳዳዋ አጣብቆ።

ይመጣል የባቲ ነጋዴ፣ ፍየል ሸጦ ብሩን ለመቁጠር የፈራ፤
ትመጣለች የኩታበር ሴት፣ የሐኪም ወረቀት ይዛ፣ ለማን እንደምታወራ
ገና ያልወሰነች፤
ትመጣለች የኮምቦልቻ ልጅ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ ሐረጎን ያቀናች፣
የፋብሪካው ጥጥ ብናኝ ከጸጉሯ ሳይራገፍ
የወልድያን ታሪፍ ጠይቃ፣ ሰምታ፣
አመስግና ወደ ኮምቦልቻ የተመለሰች።

ሁሉም ደግ ነበር አልልም።
አንዱ ሰክሮ መጥቶ ዘር ማንዘሩን ሰደበው።
አንዱ ደግሞ ሲያጫውተው፣ በሣቅ ሲያፈርሰው ቆየና
ጃንጥላውን ይዞት ሄደ፣ በዚያ በነሐሴ ዝናብ።
ኃላፊው ተቆጣ፤ «ስሙን ብትመዘግብ ኖሮ!»
«ስሙን ብጠይቀው የውሸት ስም ይሰጠኛል» አለ ጋሽ ፈንታው፣
«አሁን የጎደለኝ ጃንጥላ ነው።
ያኔ ጃንጥላም ይጎድለኛል፣ እውነትም።»

ጡረታ ሲወጣ መስኮቷን እኔ ወረስኳት።
መዝገቡን ከመሳቢያው ሥር፣ ከአሮጌ ትኬት ጋር አገኘሁት።
አምስቱ ዓምድ ባዶ ነው። በስድስተኛው፣ በዚያ በተንጋደደ ጽሕፈቱ፦

እንግዳ። የመርሳን መኪና ጠየቀ። የለም አልኩት። ቁጭ አለ።
እንግዳ። ልጇ ከዐረብ አገር ደውላላት፣ ለሰው መንገር ፈልጋ።
እንግዳ። ሰዓት ስንት ነው አለኝ። የግድግዳው ሰዓት ከፊቱ ነበር።
እንግዳ። ጃንጥላ። ዝናቡም ከባድ ነበር።

ገጹን ገለጥኩ። ታኅሣሥ።

እንግዳ። ልጅ ነው፣ አሥራ ስድስት ቢሞላው።
የባቲ አውቶቡስ ወጣ ወይ አለ። ከወጣ ቆየ አልኩት።
ደስ ያለው መሰለኝ። ሻይ ገዛሁለት።
ስም ብጠይቀው ይሮጣል ብዬ ተውኩት።
ሲመሽ ወደ ሰኞ ገበያ፣ ወደ ቤቱ መሰለኝ፣ ሄደ።

ያን ሻይ አስታውሰዋለሁ።
ስኳሩ ከሥር ዘቅጦ ነበር። ማማሰያ አልነበረውም።

ዛሬ መዝገብ የለም፤ ኮምፒውተር ነው ያለኝ፣
አንድ ሳጥን ብዘል ቀይ እየሆነ «ይሙሉ!» የሚለኝ።
ጠዋት ጦሳ በጉም ተጠቅልሎ፣ አንድ ሰው መስታወቱን መታ፤
ፊቱ አይታይም። ጣቴን ከቁልፉ አነሳሁ፣ ሰጠሁት ፋታ።
«አብሽር፣ ምን ነበር?»
አወራ። መኪኖች ወጡ፣ ሌሎች ገቡ፣ ጥሩምባ ተነፋ፤
አወራ። ከዚያ ደኅና ዋል ብሎኝ ከጉሙ ውስጥ ጠፋ።

በስም ቦታ «እንግዳ» አልኩ፣ በአባትም፣ በአያትም።
በቀበሌ ቦታ የእኔን።
በስልክ ቦታ የጋሽ ፈንታውን ቁጥር፣
ከፋሲካ ወዲህ የማይነሣውን።
ጉዳይ ከሚለው ሥር ግን
የሰጡኝ ቦታ አልበቃኝም።